ጥቁሩ ካባ

አንኮበር ላይ በወሬ የሚበልጠኝ አልነበረም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማንበብ የቻልኩትም ማንም ሳያስተምረኝ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ስለ ወልደተንሣኤ የምጽፈው እሱም ወለተሐናም ካረፉ በኋላ ነው። እስከዚያ አፌን ለምን እንደያዝኩ ከታች ይታያል።

ወልደተንሣኤ የቄስ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ኮሌጅ ጨርሶ፣ በ1951 መስከረም ላይ እንግሊዝ አገር ወዳለ የስንት መቶ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተላከ። የሚመራመረው የገብስ በሽታ በሆነው በዋግ ላይ ነበር። «ገብስ ለማየት ባሕር ተሻገረ» ብዬ አገሩን ያሳቅሁት እኔ ነኝ። ከመሄዱ በፊት የአቶ ወርቅአገኘሁን ልጅ ወለተሐናን አጭቶ፣ እሷም ሁለት ዓመት ልትጠብቀው ቃል ገብታለት ነበር።

እናቱ እመት አልታየች ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን እኔ በረንዳ ድረስ ያመጡልኛል። በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ የገበያ ቀን ፎቶግራፍ ያለበት መጣ። ወልደተንሣኤ እስከ ባቱ የወረደ ጥቁር ካባ ለብሶ የድንጋይ ደጅ ፊት ቆሟል። ገበያተኛው ከበበን፤ ማንበብ ጀመርኩ።

ተማሪዎቹ የሚኖሩት በደወል ነው ይላል። ማታ ካባ ያልለበሰ ማዕድ አይቀርብም። ከመብላታቸው በፊት ዛሬ ማንም በማይናገረው የጥንት ቋንቋ ይጸለያል። ሴት አብራቸው አትቀመጥም። ከመሸ በሩ ይቆለፋል።

ቀና አልኩና «እመት አልታየች፣ ልጅዎ እኮ መንኩሷል» አልኩ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም።

«ምን አልክ አንተ?» አሉ።

«ደወሉ፣ ጸሎቱ፣ ካባው። የቀረው ቆቡ ብቻ ነው።»

ፎቶግራፉን ተቀብለው ሳሙት። «አባቱ ቢኖር ደስ ይለው ነበር» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው።

እዚያው «ስቀልድ ነው» ማለት ነበረብኝ። የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር «ለወለተሐና ነሐሴ ሳያልቅ እደርሳለሁ በሉልኝ» ይላል። ግን ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል፤ እንደዚያ ተሰምቼ አላውቅም። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወረቀቱን አጥፌ መለስኩ። በነጋታው ወሬው ደብረ ብርሃን ደርሶ ነበር።

አቶ ወርቅአገኘሁ መጡ። «ገብረአብ፣ ያነበብከው አንተ ነህ። እውነት ነው?»

«ካባውን በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ።

«እንግዲህ መነኩሴ አማች ምን ያደርግልኛል» ብለው ሄዱ።

በጥር ወለተሐና ደብረ ሲና ላለ የጭነት መኪና ሹፌር ተዳረች። የሙሽራ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔው ነኝ። ስለካት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስለ እኔ ምንም አላለም?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት፣ ጨርቁን እያየሁ።

ወልደተንሣኤ እንዳለው በነሐሴ ደረሰ። ሳምንት ሙሉ ከእናቱ ቤት አልወጣም። ከዚያ ካባውን በክንዱ ይዞ መጣ።

«ኮት አድርግልኝ» አለ። «ለብሼው ብወጣ መስቀል አሳልመን ይሉኛል።»

አልሳቅሁም። ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ አዞርኩ።

«ገብረአብ፣ የመጨረሻዋን መስመር አንብበሃታል?»

«አዎ።»

«ጮክ ብለህ?»

«አይደለም።»

ሜትሩን ወደ ቀኝ ክንዱ ወሰድኩ። ቁጥሩን አይቼ ወዲያው ረሳሁት።

«ወለተሐና አርግዛለች አሉኝ» አለ። «መስመሯን እንዳትነግራት። ምን ያደርግላታል? ይህን እንኳ በሆድህ ያዘው።»

ያዝኩት። ጨርቅ ልገዛ ደብረ ሲና በወረድኩ ቁጥር ወለተሐና እህል ውኃ ታቀርብልኝ ነበር፤ እኔም አቀርቅሬ እበላ ነበር።

እሱ ደብረ ብርሃን መምህር ሆኖ፣ በየገበሬው ማሳ ዋግ ሲፈልግ ኖረ። ሚስት አላገባም። የኮቱን ቀኝ እጅጌ አሳጥሬ ሰፍቼው ነበር። «አምጣው ላስተካክልልህ» ስለው «ደህና ነው» አለኝ። ያንኑ ኮት ስንት ዓመት ለበሰ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንድ ቀን እንኳ ሳይጨብጠኝ አላለፈም፤ እጁን ሲዘረጋ እጅጌው ወደ ላይ ሸሽቶ አንጓው ባዶውን ይወጣ ነበር።