ተረት ነው ያለው ልጅ

ዘይናን የሚያውቅ ሁሉ ምላሷን ይፈራል። ከከሚሴ ወጣ ብሎ አስፋልቱ ዳር ባለው ሰፈር፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው ማሳ የማን እንደነበር የሚጠየቀው እሷ ዘንድ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። የባሏን ዘር ግን እስከ አሥረኛው ትውልድ ታወርድልሃለች፣ ያውም ሳትተነፍስ።

ሚፍታህ ከእሷው እውቀት ቀድቶ ነው የተመረቀው። የባሏ የወንድም ልጅ ነው፤ እናቱ በወሊድ ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ዘይና ናት። ለመመረቂያ ጥናቱ በጓሮዋ ስለሚፈልቀው ምንጭ፣ ስለ ቡርቃ ኮርማ አስተረካት። የመጀመሪያው አባታቸው በውሃ ጥም ሊሞት ሲል ኮርማው ተንበርክኮ መሬቱን በቀንዱ ወጋ፤ ውሃው ፈለቀ። አገሬውም «ምንጩን አንተና ዘርህ ጠብቁት» አለው። ባሏ የተቀበረው እዚያው ምንጩ አጠገብ ነው።

ጥናቱ ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ «ሚቶሎጂ» የሚል ቃል ነበረበት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችው።

«የግሪኮች ቃል ነው፣ እማ። ሚቶስ በአፍ የተነገረ ነገር ነው፤ ሎጎስ ደግሞ ቃል፣ ትረካ።»

ደስ አላት። ለእሷ በታማኝ አፍ ከተነገረ በላይ ምን አለ? ሐዲሱስ የደረሰን እገሌ ከእገሌ ሰምቶ አይደል? ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አኖረችው።

በዓመቱ አንድ ባለሀብት ምንጩን ለመኪና እጥበት ጠየቀ። ለላቫጆ እኮ ነው! ዘይና ወረቀቷን ይዛ ጉዳዩን ወደሚያየው ኮሚቴ ሄደች። ሚፍታህ እዚያው መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ሦስት ወሩ ነበር፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስታየው ልቧ ሞላ፣ ምስኪን።

ሰብሳቢው «እስቲ ይንገሩን፣ እናቴ» አላት። ነገረቻቸው። ጸጥ ብለው ሰሟት፤ አንዱማ በስልኩ ቀረጻት። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ ሚፍታህ ዞረ።

«ያጠናኸው አንተ ነህ። እውነት ነው?»

ሚፍታህ አለቆቹን አየ፤ እሷን አላየም። «ሚቶሎጂ ነው። ተረት ነው፤ ማስረጃ አይሆንም።»

«እንግዲህ ኮርማውን ለምስክርነት ያምጡልን» አላት አንዱ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በወሩ ዶዘር መጣ። ዛሬ በባሏ ራስጌ የአይሱዙ ጭቃ ይታጠባል። ዘይና ማንንም አልተሳደበችም። ሰፈሩ ከዚህ በፊት ዝም ስትል አይቷት ስለማያውቅ ከምላሷ ይልቅ ይህን ፈራው።

ዓመት ሳይሞላ ሚፍታህ ሰብሪናን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። የሰብሪና ወገኖች ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይድሩም፤ ሥጋ ከሥጋ እንዳይጋባ ይሰጋሉ። ሚፍታህ ጥናቱን አቀረበ፤ ዘይና የነገረችው ዘሩ አንድ በአንድ ተጽፎበታል። አያቷ አብዶ ገፋ አደረጉት።

«ወረቀት አይምልም። ዘይና ትቁጠር።»

ዘር ከሚቆጥሩት አዋቂዎች በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሚፍታህ መጥቶ ጉልበቷን ሳመ። «እማ፣ ያለ ሰብሪና መኖር አልችልም» አላት። እንባው እውነተኛ ነበር። ራሱን ዳበሰችውና እመጣለሁ አለችው፤ መጣችም።

አብዶ «በአላህ ስም የምታውቂውን ተናገሪ» አሏት።

«እኔ የማውቀው በአፍ የሰማሁትን ነው» አለች። «ይህ ልጅ ግን በሹማምንት ፊት ተረት ነው ብሎ መስክሮበታል። በተረት እንዴት እምላለሁ?»

አብዶ ሚፍታህን አዩት። «ብለሃል?»

ሊክድ አልቻለም፤ ያን ቀን ከሳቁት ሁለቱ እዚያው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው ጫማቸውን ፈለጉ።

«እማ፣ ቁጠሪ» አላት። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ቁጠሪ።»

ዘይና ከንፈሯን ገጥማ፣ ከአባቱ ጀምራ እስከ ሰባተኛው በልቧ ቆጠረች። የሰብሪናንም ቆጠረች። የሚነካካ አንድ ስም እንኳ አልነበረም።