በቃ ያላልኳት ሴት

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት በባትሪ ብርሃን ነው። መብራት ጠፍቶ ነበርና ተረኛዋ ፖሊስ በሩን ከፍታ ባትሪዋን ወደ ውስጥ አበራች። ብርሃኑ በየተራ አሳየኝ፤ እስከ ወገቡ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ክዳን የሌለው ቢጫ ባልዲ፣ ጠርዙ የተቀደደ ፍራሽ፣ ካልሲ ያደረጉ ሁለት እግሮች። ከዚያ ባትሪው ጠፋ፤ በሩም ከኋላዬ ተዘጋ።

«ማዘር፣ በግራ በኩል ይምጡ። በቀኝ ባልዲው አለ» አለችኝ ባለካልሲዋ።

እጇን ዘርግታ አገኘችኝና ፍራሹ ላይ አስቀመጠችኝ። ከአዲስ አበባ መጥታ እዚህ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። ከእኔ በፊት አራት ቀን አድራለች።

«በምን ገቡ?» አለችኝ።

«በፎቶ።»

«እኔ ስልኬ ላይ በጻፍኩት ነው። ይኸው፣ ሁለታችን ስንደመር ጋዜጣ ይወጣናል።»

በዚያ ጨለማ ውስጥ ሳቅኩ። በመጀመሪያው ሌሊት የሚያስቀኝ ሰው ስላገኘሁ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ከባለቤቴ የጨርቅ ሱቅ ጎን ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ቀን ቀን ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ሰው ነጭ መጋረጃ ፊት ይቀመጣል፣ አንገቱን ያቀናል፣ ፍላሹ ብልጭ ይላል፣ አለቀ። ማታ ግን፣ ልጆቼ በልተው ሲያበቁ፣ ትንሿን ካሜራ ይዤ ወደ መንገድ እወጣለሁ። ፍላሽ አላበራም፤ ካሜራ ማቆሚያም አልይዝም። የባጃጅ መብራት፣ የሱቅ አምፖል፣ የከሰል ፍም ይበቃኛል። ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ ጥቂት ይቆያል። በዚያች ቅጽበት ዝም ብሎ የቆመ ሰው ጎልቶ ይወጣል፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ጭስ ይመስላል። ስለዚህ ግድግዳ ተደግፌ፣ ክርኖቼን ጎኔ ላይ አጣብቄ ትንፋሼን እይዛለሁ። የማነሳውንም ሰው «አንዴ ቁም፣ አትተንፍስ» እለዋለሁ። ስጨርስ «በቃ» እላለሁ። ያኔ እሱም ይተነፍሳል፣ እኔም እተነፍሳለሁ። ብዙ ጊዜ እንስቃለን።

የተያዝኩበት ምሽት ረመዳን ነበር። አፍጥሬ፣ ሰግጄ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ሰዎች የስልካቸውን መብራት ይዘው ቆመዋል። አይጮኹም። ከሳምንት በፊት የተወሰዱ ልጆቻቸው የት እንዳሉ ነበር የሚጠይቁት። እኔ ለዚያ ብዬ አልወጣሁም፤ ሳያቸው ግን አልተመለስኩም።

ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በዳጣ ትሸጣለች። ዘወትር እዚያው ናት። የከሰሉ ፍም ከታች ፊቷን ያበራዋል፤ ከድስቱ እንፋሎት ይነሳል፤ ከኋላዋ የስልኮቹ መብራት ተዘርግቷል። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

«እህቴ፣ አንዴ ቁሚ። አትተንፍሺ» አልኳት።

ቆመች። ትንፋሼን ይዤ ተጫንኩ። ጩኸት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሰዎች ይሮጡ ነበር። ካሜራውን ከዓይኔ ሳወርድ ትከሻዬ ላይ የፖሊስ እጅ አረፈ። የመታኝ የለም፤ ለዚህም አልሐምዱሊላህ። ካሜራውን ራሴ ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። ለሴትዮዋ ግን «በቃ» አላልኳትም።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ቀረብኩ። ተማሪዋ ሌሊቱን ስትመክረኝ አድራለች። «ማዘር፣ ያልተጠየቁትን አይመልሱ። እያለፍኩ ነበር ይበሉ።»

«መንገድ ላይ ምን ትሠሪ ነበር?» አለኝ መርማሪው።

«እያለፍኩ ነበር።»

ውሸት አልነበረም። ሙሉም አልነበረም።

የካሜራውን ስክሪን ወደ እኔ አዞረው። ከኋላ የሚሮጡት ሁሉ ጭስ ሆነዋል። ከፊት ድንች ሻጯ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ከፍታ፣ አንድ ፀጉሯ እንኳ ሳይደበዝዝ ቆማለች። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የተሻለው ፎቶ ነበር።

«ሰው ሁሉ ሲሮጥ ይቺ ቆማለች። የማትፈራ ሰው ናት። ታውቂያታለሽ?»

ጾመኛ ነበርኩ፤ ጾመኛም ባልሆን መዋሸት አልወድም።

«ድንች ትሸጣለች» አልኩ።

ማንንም የማይጎዳ ቃል መስሎኝ ነበር።

ክፍላችን መስኮት አልነበረውም። ከጣሪያው ቆርቆሮና ከግድግዳው መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች። በዚያ የሚገባው ብርሃን ቀን ነጭ ነው፤ ሲመሽ ቢጫ፣ ከዚያ ግራጫ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ሰማያዊው ቀለም የሚያበቃበትን መስመር ማየት ሲያቅተኝ መግሪብ ደርሷል፣ ማፍጠር እችላለሁ ማለት ነው። ተማሪዋ ክርስቲያን ናት፤ ግን ከእኔ ጋር ትጠብቅ ነበር።

«ገባች?» ትለኛለች።

«ገና።»

«ኧረ ይቺ ፀሐይ ዛሬ ምን ነክቷታል!»

በሦስተኛው ቀን፣ መስመሩ ሊጠፋ ሲል፣ በሩ ተከፈተና ድንች ሻጯ ገባች። ልብሷ ከሰልና ዳጣ ይሸታል። ፊቴን ወደ ግድግዳው ማዞር ፈለግሁ። እሷ ግን አየችኝና ፊቷ በራ።

«እትዬ! አንተም እዚህ ነህ? ፎቶው ወጣ?»

ተወልዳ ያደገችው ቡሌ፣ ደጋው ላይ ነው። አማርኛ የለመደችው ገበያ ውስጥ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች።

«ወጣ» አልኳት። «እዚህ ያመጣሽም እሱ ነው። ድንች ትሸጣለች ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ቁጭ አለች።

«እኔ መሮጥ አቅቶኝ ነው? ሰው ሲሮጥ አየሁ። አንተ ቁም አልከኝ፣ ቆምኩ። በቃ አላልከኝም።»

ፍራሹን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁላት።

«ልጆቹ ጎረቤት ጋ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ትንሹ እኔ ከሌለ አይተኛም።»

ተረኛዋ ፖሊስ በሩን ስትዘጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችን። የዚህች ሴት መዝገብ ነገ ማታ ወደ ላይ ይላካል። ከተላከ በኋላ እዚህ ያለ ማንም ሊፈታት አይችልም።

መስመሩ ጠፋ። ባለቤቴ በስንቅ ከላከው ተምር አንዱን በልቼ ጾሜን ፈታሁ። አንዱን ለተማሪዋ ሰጠሁ። አንዱን ወረቀት ላይ አድርጌ ድንች ሻጯ አጠገብ አኖርኩ። አልነካችውም፤ ጀርባዋን ሰጥታን ተኛች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ግን ትንፋሿ ይነግረኝ ነበር።

ሰገድኩ። ዱዓዬ አጭር ነበር። የጎደለውን ቃል የምሞላበት አፍ ስጠኝ አልኩ።

ጠዋት ሐሳቤን ለተማሪዋ ነገርኳት።

«ማዘር፣ ያቆምኳት እኔ ነኝ ካሉ እኮ ሆን ብለው እዚያ እንደነበሩ ማመን ነው። እያለፍኩ ነበር ያሉት ገደል ገባ።»

«ሆን ብዬ ነበር።»

«ይቆዩበታል እኮ!»

«እቆያለኋ። የእኔ ልጆች አባታቸው አብሯቸው ነው።»

ተረኛዋን መርማሪው እንዲጠራኝ ለመንኳት። እስከ ከሰዓት ሳይጠራኝ ቆየ። ሲጠራኝ ከባድ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ መብራትም ጠፍቷል። ቢሮው እንደመሸ ሁሉ ጨልሟል። ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል፤ መርማሪው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ያያል።

«ምን የረሳሽው አለ?» አለኝ።

«ሴትዮዋን ያቆምኳት እኔ ነኝ። ሳነሳት አትንቀሳቀሺ አልኳት። ስለ ቆመች ጎልታ ወጣች። ሌሎቹ ሲሮጡ ጭስ ሆኑ። ድፍረት አይደለም፣ ካሜራው እንደዚያ ነው።»

«ተረት ነው ይሄ።»

«ካሜራውን ይስጡኝና ላሳይዎት።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አወጣው።

ካሜራውን ተቀበልኩ። ከንጋት ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም። እጄ ከተነቃነቀ ሁሉም ነገር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚያምነኝ የለም። ግድግዳውን ተደገፍኩ። ክርኖቼን ጎኔ ላይ አጣበቅሁ።

«እርስዎ እንዳሉ ይቀመጡ። አይተንፍሱ።»

በዚህ መሐል ዝናቡ ከመርማሪው ኋላ በተደረደሩት መዝገቦች ላይ መንጠብ ጀመረ። ይዛኝ የመጣችው ተረኛ ፖሊስ «ውይ!» ብላ መዝገቦቹን አቅፋ ወደ ቁምሳጥኑ ተጣደፈች። በልቤ ቢስሚላህ አልኩ። ትንፋሼን አስወጥቼ ያዝኩና ተጫንኩ።

«በቃ» አልኩ።

መርማሪው በረጅሙ ተነፈሰ። የእውነት ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ስክሪኑን አሳየሁት። እሱ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። ከኋላው ግራጫ ነገር ብቻ አለ።

ተረኛዋ በትከሻው ላይ አጮልቃ አየች። «እኔስ የት ሄድኩ?»

«እዚያ ጋ ነሽ፣ ጭሱ።»

«ጉድ! ይሄን ሁሉ ወረቀት ተሸክሜ ጭስ ነኝ?»

«እንግዲህ በዚህ ፎቶ ከሄድን» አልኩት መርማሪውን፣ «እዚህ ቤት የማይፈራው ሰው እርስዎ ነዎት።»

ተረኛዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። እሱ አልሳቀም፤ ግን አልተቆጣም። ብዕሩን አንስቶ ወረቀት ሳበ።

«ያቆምኳት እኔ ነኝ፣ ሆን ብዬ ነው ያነሳሁት ያልሽውን ልጽፈው ነው። ይጎዳሻል።»

«ይጻፉት።»

ጻፈና አነበበልኝ። አንድም ቃል አልጨመረም። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ። «ይፈርሙ» ማለቱን ያስተዋልኩት ወደ ክፍሌ ስመለስ ነው። የእሱን ፎቶ ግን እዚያው ፊቱ አስጠፋኝ። ካሜራውን መልሶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

ከመግሪብ በፊት በሩ ተከፈተና ድንች ሻጯን ተነሺ አሏት። ተማሪዋ እልል ልትል ብላ አፏን ያዘች። ሴትዮዋ ነጠላዋን አራግፋ ለበሰች። በር ላይ ስትደርስ ተመለሰች። ጎንበስ ብላ ከትናንት ጀምሮ ወረቀቱ ላይ የቆየውን ተምር አነሳች።

«ይሄን ትንሹ ይበላል» አለችኝ።

በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ወጣች። ያን ምሽት መስመሩ የጠፋበትን ሰዓት አላየሁም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶት ነበር። «ማዘር፣ ገብታለች፣ ይብሉ» ያለችኝ ተማሪዋ ናት።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ቆየሁ። ዒድም እዚያው አለፈኝ። በየቀኑ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ተረኛዋ በሩን ታንኳኳለች።

«ባለ ካሜራዋ፣ ዛሬም ድንችሽ መጥቷል!»

በላስቲክ የተጠቀለለ ትኩስ ድንች፣ በጎን ዳጣ። በዝናቡም ቀን መጣ። በዒዱ ዕለት ከወትሮው እጥፍ ነበር፤ ተረኛዋም አብራን በላች። ድንች ሻጯ አንድም ቀን ልግባ፣ ልያት አላለችም። አድርሱልኝ ብላ ትሄዳለች።

ስፈታ ካሜራውን መለሱልኝ። ሚሞሪው ውስጡ አልነበረም። አልጠየቅሁም።

ተማሪዋ ከእኔ በኋላ በሳምንቱ ተፈታች፤ ትምህርቷን ጨርሳ ሄዳለች። አንዳንዴ ትደውልልኝና «ማዘር፣ ገባች?» ትለኛለች። እኔ ማታ ማታ መውጣቴን አልተውኩም። ድንች ሻጯም ቦታዋን አልለቀቀችም። መጀመሪያ ሰሞን ካሜራዬን ስታይ ሆን ብላ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቅ ነበር።

«ጭስ ነኝ! እኔ ጭስ ነኝ፣ እትዬ!» ትላለች። እየሳቀች ነው፤ ግን አትቆምልኝም። እኔም ቁሚ ብያት አላውቅም። ድንቼን በልቼ ሌላ ነገር አነሳለሁ። የማነሳውን ሰው ሁሉ አሁን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ካነሳሁ በኋላም ስክሪኑን አሳየዋለሁ። ይጥፋ ካለኝ አጠፋዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ትንሹ ልጇ ጭኗ ላይ ተኝቶ ነበር። ፍሙ ፊታቸውን አብርቶታል። ልጄን ላስተኛው ልነሳ ነው ትላለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ ቆሜያለሁ፤ አልነቃነቅም። አንሳ።»

ካሜራውን ወዲያው ወደ ዓይኔ አላነሳሁም። መጀመሪያ መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ። ሁለት ባጃጆች ቆመዋል፤ አንድ ሰው ዳቦ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚሮጥ የለም። ከዚያ የመብራት ምሰሶውን ተደገፍኩ፣ ክርኖቼን ጎኔ ላይ አጣበቅሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ።

እሷም ያዘች። ልጁ ብቻ ይተነፍስ ነበር።

«በቃ?» አለች በተዘጋ አፏ።

«በቃ፣ እህቴ» አልኳት። «ተንፍሺ።»