ሁለት ቁጥር ትርፍ

ባለፈው ወር እናቴን ከኢስትሊ ሰፈር ወደ እኔ ቤት፣ እዚያው ከተማ ወዳለው ካሳራኒ አመጣኋት። ጉልበቷ ደክሞ ብቻዋን መኖር አልቻለችም። ዕቃዋን ስፈታ አንድ ካርቶን አገኘሁ። ስከፍተው የጎማ ሽታ ሰነፈጠኝ። የልጅነቴ ባለጎማ ስኬቲንግ ጫማ ነበር። ጫፉ ውስጥ የጠቀጠቅኩት ጋዜጣ እንኳ እንዳለ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ። ዌስትላንድስ ያለ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ማቆሚያው ላይ የመሞከሪያ ጫማ ያወጣ ነበር። ትሞክራለህ፣ ከተስማማህ ትገዛለህ። እኔና የክፍል ጓደኛዬ በማታቱ ሚኒባስ እየሄድን ሦስት ቅዳሜ ሞከርን። ሠላሳ ስድስት ቁጥሩ እግሬን ጥብቅ አድርጎ ሲይዘኝ፣ ምን ልበልህ፣ ለእኔ የተሠራ ነበር የሚመስለው። ጎማው ሲሚንቶው ላይ ሽርር ሲል አሁንም ይሰማኛል። እዚያ የሚያሠለጥነው ሰውዬ ልጆች ለስኬቲንግ ክለቡ ይመለምል ነበርና «የቀረኝ አንድ ቦታ ነው። ቅዳሜ የየራሳችሁን ጫማ ይዛችሁ ኑ፤ አንዳችሁን እወስዳለሁ» አለን።

እናቴ ኢስትሊ የሴቶች ልብስ ትሸጥ ነበር። ለእኔ ብላ በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ዘግታ ወደ መደብሩ መጣች። እግሬ ላይ ያለውን የመሞከሪያ ጫማ ጫፉን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችና «ሠላሳ ስምንቱን ስጠኝ፤ ታድግበታለች» አለች።

«ማማ፣ ይሄ ልክ ካልሆነ ይጥላታል» አለ ሻጩ።

«የወለድኳት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«እማዬ፣ በሞከርኩት ይሁንልኝ» ብዬ ለመንኳት።

«ዝም በይ! ዓመት ሳይሞላ ጠበበኝ ልትዪኝ ነው።»

ቅዳሜ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ሄድኩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ከዳኝና ሰው ሁሉ እያየ ተዘረርኩ። ጓደኛዬ በልኳ ጫማ በአጠገቤ ሽው ብላ አለፈች። አሠልጣኙ አነሣኝ፣ «ፖሌ፣ አይዞሽ» ብሎ አጽናናኝ፣ ከዚያም የእሷን ስም ጻፈ።

ቤት ገብቼ «ስስታም!» አልኳት እናቴን። አልመታችኝም። ጫማውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችና «ታድጊበታለሽ» ብላ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው።

ከዚያ በኋላ በየፋሲካው፣ አዲስ ቀሚሴን ስታስለካኝ ያንንም ጫማ ታወጣዋለች። እግሬ ግን ሠላሳ ስድስት ላይ ቀረ። ቁመቴ ሲጨምር እሱ እምቢ አለ። አሥራ ስድስት ሲሞላኝ «ሁለተኛ እንዳታሳዪኝ» ብዬ ጮኽኩባት፤ አላሳየችኝም። እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬም ያ ቀን ትዝ ሲለኝ እናደዳለሁ። ጥሩ ነበርኩ እኮ!

ካርቶኑን ከፍቼ እንደተቀመጥኩ እናቴ ከአልጋዋ አየችኝ።

«እስቲ ለኪው» አለች።

ጋዜጣውን አውጥቼ እግሬን ከተትኩ። ተረከዜ እንደ ድሮው ወጣ ገባ ይላል።

«ልክ ሆነሽ?»

«ልክ ሆነኝ፣ እማዬ።»

«አየሽ! አላልኩሽም?» አለች ደስ ብሏት።