የዓርቡ ደብተር

ልጄ ሁለተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት መምህርቷ ለእያንዳንዱ ተማሪ የመገናኛ ደብተር አስገዛች። ዓርብ ዓርብ ልጆቹ በሳምንቱ ምን እንደተማሩ፣ የትኛው እንደገባቸውና የትኛው እንደከበዳቸው ትጽፍበታለች። ወላጅ አንብቦ ይፈርማል፤ ሰኞ ደብተሩ ይመለሳል። ብዙ ወላጆች ሳያነቡ ይፈርሙ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ። እኔ እያንዳንዱን ቃል አነብ ነበር፤ ያውም ሁለት ሁለቴ።

ለምን እንደዚያ እንደነበርኩ መናገር አለብኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሬ፣ ከክር ካርቶን ላይና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ማንም አጠገቤ ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም። ስለዚህ መምህር፣ ወንበርና ሰሌዳ ተሰጥቶት የማይማር ልጅ ለእኔ ሰነፍ ብቻ አልነበረም፤ የተሰጠውን የሚያባክን በደለኛ ነበር። ይህን እምነቴን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጣልኩትም። የያዝኩበት እጅ ግን ክፉ ነበር።

ሽመና ክፍል ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ጆሮው ይደነዝዛል። የእኔም ደንዝዟል። ባለቤቴ እንድሰማት ስትል ጮኻ መናገር ለመደች፤ ልጃችንም ከእናቷ ወረሰችው። አንድ ቀን ጎረቤታችን፣ እድሜ የጠገቡ ሴትዮ፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ በሩጫ ገቡ።

«ምነው፣ ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንን፣ እማማ» አለች ባለቤቴ።

«ወይ ጉድ! ተገዳደሉ ብዬ ልገላግል መጣሁ፤ ለካ ጨው አቀብዪኝ እየተባባላችሁ ነው!»

ሳቅን። ያ ጩኸት ምን እንደሸፈነብን ያን ጊዜ ማን ያውቃል?

የመጀመሪያው ክፉ ጽሑፍ የመጣው ኅዳር ውስጥ ነው። «በሒሳብ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥሮችን መደመር ተምረናል። ልጅዎ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን በደንብ ትሠራለች። በቃል የማዘውን ግን የምትጀምረው ጓደኞቿን አይታ ነው። ስጠራትም ብዙ ጊዜ አትመልስም። ቤት ውስጥ እንዴት ናት?» ይላል። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ይፈልግ ነበር። እኔ ግን ፈረምኩና ልጄን ጠራሁ።

«መምህርሽ ስትጠራሽ ለምን ዝም ትያለሽ?»

«አልጠራችኝም።»

«መምህርሽ ዋሸች ነው የምትይው?»

ሲሚንቶው ወለል ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንድትንበረከክ አደረግኩ። ጋዜጣዬን አንብቤ እስክጨርስ እዚያው ቆየች። ቀስ ብዬ ነው የማነበው።

በሚቀጥለው ዓርብም ተመሳሳይ ነገር ተጻፈ፤ ተንበረከከች። በሦስተኛውም እንደዚያው። በአራተኛው ዓርብ ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ እኔ ገና ሳልከፍተው፣ ሄዳ ግድግዳው ሥር ተንበረከከች። ገለጥኩት። «በዚህ ሳምንት በጣም ጎበዝ ነበረች» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

«ተነሺ» አልኳት። አልተነሳችም። «ተነሺ አልኩሽ እኮ!» ጀርባዋ አልተንቀሳቀሰም። ያኮረፈች መሰለኝና ትከሻዋን ይዤ አስነሳኋት። ክው ብላ ደነገጠች። ያን ድንጋጤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደብተር ግን አልነበረም፣ ማንበብ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር ምስጋና ብቻ ሆነ። «ጎበዝ ናት።» «ጥሩ ሳምንት ነበር።» ድሮ ግማሽ ገጽ ትሞላ የነበረችው መምህርት በአንድ መስመር መገላገል ጀመረች። አንድ ነገር መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ፋብሪካ ውስጥ በምሳ ሰዓት እንዴት እንዳንበረከክኳት ደረቴን ነፍቼ አወራሁ፤ ልጅ በጊዜ ካልታረመ ብዬ መካሪ ሆንኩ።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ፣ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ፣ «ያንተ ልጅ የምትማረው በጉልበቷ ነው እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅኩ።

በዚያው ሰሞን የልጄ ትራስ ልብስ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ማየት ጀመርኩ። ጠረን አለው። ባለቤቴ «ጉንፋን ነው፣ ወደ ጆሮዋ ወርዶ ነው» አለችና ጤና አዳም በዘይት አሙቃ ጠብ አደረገችላት። ባለቤቴ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው። የሠራተኞች ሰርቪሱ ገና ሳይነጋ ይወስዳታል፤ ስትመለስ መሽቷል። ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት የጎረቤት ልጆች ናቸው። ከመምህርቷ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ሰው ከቤታችን አልነበረም። ደብተሩ ይበቃል ብለን ነበር።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እግሩ የተሰበረ የብረት አልጋ ለማስበየድ ከልጄ ጋር ወደ አቃቂ በሰቃ ወረድኩ። ስንመለስ ጥቂት እርምጃ ቀድማኝ ትሄዳለች። ከአንዱ ጋራዥ በር አይሱዙ የኋሊት እየወጣ ነበር። የኋሊት ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ «ልጅቷን! ልጅቷን!» ይላል። በእኔ በደነዘዘው ጆሮ እንኳ ይሰማል።

«ነይ ወዲህ!» አልኩ። ቀጠለች።

«አንቺ ልጅ! ቁሚ!»

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አይደለም፣ ንዴት ነው። በሰው ፊት አባቷን ናቀች አልኩ። እጄን ያነሳሁት ልመታት ነበር። በዚያው በተነሳው እጅ አንገትጌዋን ይዤ ሳብኳት፤ የመኪናው ኋላ ከፊታችን አልፎ ቆመ። ዞር ብላ ያየችው የእኔን ፊት እንጂ መኪናውን አልነበረም። ከዚያ ወዲያው እዚያው አስፋልቱ ዳር ልትንበረከክ ጉልበቷን አጠፈች።

ረዳቱ ወርዶ መጣ። «አባት፣ ልጅዎ አትሰማም እንዴ?»

እንደ ዋዛ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ልጄን ብድግ አድርጌ ታቅፌያት ወደ ቤት ሄድኩ።

ባለቤቴ ያን ቀን ተረኛ አልነበረችም። የሆነውን ስነግራት አልጮኸችም። ፍራሻችንን ከፍ አድርጋ ከሥሩ በአራት የታጠፉ ሦስት ወረቀቶች አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከመምህርቷ ነው። ለእናትሽ ብቻ ስጪ ብላ ነው የሰጠቻት።»

«ምን ይላል?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ለምን አላሳየሽኝም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ዓርብ ዓርብ ስታነብ አይቼህ!»

ዘረጋኋቸው። የመጀመሪያው ከገና በፊት የተጻፈ ነው። ልጅቷ ከኋላ ሲጠሯት እንደማትሰማ፣ ከጆሮዋም ፈሳሽ እንደሚወጣ፣ ቶሎ ሐኪም እንዲያያት ይጠይቃል። ሁለተኛው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ወንበሯን ወደ ፊት እንዳመጣችላት ይናገርና ያንኑ ይለምናል። በሦስተኛው «እባክዎ» የሚለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

እንግዲህ በዚህ ቤት ማንበብ የሚችል አዋቂ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ ሰው ሆንኩ እያልኩ ስኩራራ ለሚስቴ አንዲት ፊደል ለማሳየት አስቤ አላውቅም። ለጎረቤት እንዳታስነብብ ደግሞ የልጇን ጥፋት አደባባይ ማውጣት መስሏታል። ከትምህርት ቤት የሚመጣ ወረቀት ክስ ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የምትወዳትን ልጇን የምታድን መስሏት ክሱን ደበቀች። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ፍራሽ ላይ ተኝቻለሁ።

ሰኞ ሥራ ቀርተን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ሁለቱንም ጆሮዎቿን በመብራት አየ። የቀኙ ታምቡር ተበስቷል፤ ግራው አብጧል፣ ገና አልተበሳም።

«ከሁለት ሦስት ወር በፊት ብታመጧት ጥሩ ነበር።»

«አሁንስ?»

«መድኃኒቱን ትጨርስና እናያለን። ግራው ተስፋ አለው። ቀኙ ግን…»

ቀሪው ያመለጠኝ መስሎኝ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ፊቷን ሳይ ገባኝ። ሐኪሙ አልጨረሰውም ነበር።

በማግስቱ መምህርቷን ፍለጋ ሄድኩ። ትልቅ ሴት ጠብቄ ነበር፤ ገና ወጣት ናት፣ ድምጿ ስስ። ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

የወረቀቶቹን ነገር ነገርኳትና «ለእኔ ለምን አልጻፉልኝም?» አልኳት።

«ጽፌልዎት ነበር እኮ። ቤት ውስጥ እንዴት ናት ብዬ ጠየቅኩ። ሰኞ ፊርማዎን አየሁ። ከዚያ ደግሞ ጉልበቷን አየሁ።» ጠመኔ የነካውን እጇን ጠረገች። «እናቷ ማንበብ እንደማይችሉ አላወቅኩም። ባውቅ ቂሊንጦ ድረስ እሄድ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ግን ይቅርታዬን ትታ አንድ ሥራ ሰጠችኝ። ከእንግዲህ ዓርብ እሷ ትጽፋለች፤ ሰኞ እኔ መመለስ አለብኝ፤ ፊርማ ብቻ አትቀበልም። በየቀኑ ልጅቷን ከኋላዋ ሆኜ ዝቅ ባለ ድምፅ እንድጠራትና ስንት ጊዜ እንደዞረች እውነቱን እንድጽፍ አዘዘችኝ።

አሁን በየጠዋቱ ልጄ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር ከበሩ ላይ ቆሜ እጠራታለሁ። ጩኸት በለመደ ቤት ዝቅ ብሎ መናገር ከባድ ነው፤ ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም። አንዳንድ ቀን አትዞርም። አንዳንድ ቀን ትዞራለች፣ ያን ጊዜ ልቤ ይዘላል። ባለፈው ዓርብ መምህርቷ «በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ሰማች?» ብላ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ሰምታለች ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ከዚያ የዞረችባቸውን ጠዋቶች አስታወስኩ። ሦስቱም ቀን ፀሐይ ነበር። በሩ ላይ ስቆም ጥላዬ ከድምፄ ቀድሞ እግሯ ሥር ይደርሳል። ደግሞም ስትዞር መጀመሪያ የምታየው ፊቴን አይደለም፣ እጄን ነው።

«ዞራለች፤ መስማቷን ግን አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩና ለእናቷ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።