በዳሌ የምትነሳው ማሽን

እንጦጦ ሥር ካለ ትልቅ ሆስፒታል ላውንደሪ የገባሁ ቀን፣ ኃላፊው አቶ ግርማ ቦት ጫማና ሽርጥ ሰጡኝና አንድ አንሶላ አንስተው፣ "ይህ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ በምን ታውቂያለሽ?" አሉኝ። ጥጉ ላይ ተጽፏል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

"በጠረኑ" አልኳቸው።

ሳቁ እንጂ አላባረሩኝም። በኋላ ፊደሉን ከዚያው ከአንሶላ ጥግ ለቀምኩ። ልጆቼ ከ"ሀ ሁ" ጀመሩ፣ እኔ ከ"ቀዶ ጥገና"።

ሥራው እንዲህ ነው። የቆሸሸውን በየክፍሉ መለየት፣ ደም የነካውን በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ሙቅ ከሆነ ደሙ ይይዛልና። ከዚያ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መተኮስ። ከአጣቢ በላይ የፈረቃ አስተባባሪ አለ። አስተባባሪ ወንበር አለው። የቀጨኔን ዳገት ጠዋት ማታ የሚጨርስ ጉልበት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ምን እንደሚመኝ እናንተው ገምቱ።

ትልቋ ማሽን በሯ ተዘግቶም አትነሳም ነበር። አንድ ቀን ብርድ ልብስ ታቅፌ ሳልፍ ዳሌዬ ገጫት፤ ቀጭ አለችና ዞረች። ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ በግራ ዳሌ፣ አንድ ጊዜ። ለማንም አልተነፈስኩም። "እስቲ አንዴ ወጣ በሉልኝ" እላለሁ፣ የክፍሉን በር እዘጋለሁ፣ እገጫታለሁ። ሠራተኛው "ትጸልይላታለች" አለ። አላስተባበልኩም። መካኒኩ እንኳ ኮፍያውን አውልቆ መግባት ጀመረ።

የአስተባባሪነት ማስታወቂያ ወጣ፤ "ስምንተኛ ክፍል ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ" ይላል። አመለከትኩ።

"አስካለ፣ አንቺ ከተነሳሽ ማሽኗን ማን ያስነሳታል?" አሉኝ አቶ ግርማ።

ሙገሳ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቦታውን አንሶላ ማጠፍ ያስተማርኳት ልጅ ወሰደች። እሷ ስትዛወር ደግሞ አመለከትኩ። ያንኑ ጠየቁኝ፣ በዚህኛው ሻይ ጨመሩበት።

ሦስተኛው ማስታወቂያ ሲለጠፍ አብራኝ የምታጥበው ዘይነባ ሰሌዳው ሥር አገኘችኝ።

"አስኩዬ፣ ሰው እንዴት በገዛ እጁ በራሱ ላይ በር ይዘጋል? ጸሎቱን አስተምሪኝና አንቺ ከዚህ ውጪ።"

"አንቺ እስላም ነሽ፣ እንዴት አድርጌ?"

"ማሽኗስ ሃይማኖቷ ምንድነው?"

ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ። "ጸሎት አይደለም፣ ዳሌ ነው" አልኳት። የቆሸሸ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ ሳቀች።

ችግሩ ዘይነባ ቀጭን ናት። ሦስት ቀን ገጨቻት፣ ሦስት ቀን ጎኗ በለዘ፣ ማሽኗ ንቅንቅ አላለችም። በአራተኛው ቀን ብርድ ልብስ አጥፋ ከሽርጧ ሥር አሰረችና ገጨቻት። ተነሳች።

እውነቱን ልናገር፣ ያለእኔ ስትዞር ሳያት ደስ አላለኝም። ከእንግዲህ ምን እጠቅማቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ቢሆንም ሄጄ አቶ ግርማን ጠራኋቸው።

ዘይነባ በፊታቸው ማሽኗን ገጨቻት። ጠጋ ብለው የማሽኗን በር ዳሰሱ።

"ይህን ሁሉ ዓመት ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"እኔ እኮ አንቺ የዓመት ፈቃድ በወጣሽ ቁጥር ማሽኗ ፊት ቆሜ እጸልይ ነበር" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ለሦስተኛ ጊዜ ያስገባሁትን ማመልከቻ አወጡ። የሚጠይቁት ጥያቄ ስላልነበራቸው ፈረሙ።

ዘይነባ በዚያው ሳምንት ሁለት ሴቶች ጠርታ ዳሌውን አሳየቻቸው፤ ለአንዷ ብርድ ልብሱን ጭምር ሰጠቻት። እኔ ጡረታ ስወጣ ወንበሩ የእሷ ሆነ፤ ማሽኗን ማን ያስነሳታል ብሎ የጠየቃት የለም።

ካንተ ሌላ ማንም የማይችለው ሥራ ካለህ እዚያው ትቀራለህ። ይህን ለማወቅ እኔ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ፣ ዘይነባ አንድ ሳምንት።