የናስሪን ሻንጣ

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ከሜሮን ጋር ሮም ውስጥ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ወዳለው ገበያ ሄደን ነበር። በመደዳው ጫፍ ላይ የደረቀ ሎሚና ሳፍሮን፣ ዘቢብና ለውዝ የሚሸጥ አንድ ወጣት ኢራናዊ አለ። ሜሮን ፒስታቾ አስመዘነችና ዋጋውን ጠየቀችው። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገና፣ «ለእርስዎ የሚሆን እንኳ አይደለም፤ ይውሰዱት» አላት በጣሊያንኛ።

ሜሮን ሮም ተወልዳ ሮም ያደገች ናት፤ የተባለችውን ታምናለች። አመስግና ከረጢቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መንገድ ጀመረች። የልጁ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ክንዷን ይዤ መለስኳት።

«ዚያ፣ ራሱ እኮ ነው ውሰጂ ያለኝ» አለች፤ ዚያ በጣሊያንኛ አክስት ማለት ነው።

«አላለሽም።»

«በጆሮዬ ሰምቼ?»

«ክፈዪው። እምቢ ይልሻል። ደግመሽ ስጪው፣ አሁንም እምቢ ይላል። በሦስተኛው ይቀበልሻል።»

እንዳልኳትም ሆነ፤ ልጁም ተቀብሎ ሲያበቃ ወደ እኔ ቀና ብሎ እንደ አገሩ ሰው ሰላምታ ሰጠኝ። ትራም ላይ ሜሮን፣ «ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምንድነው? ለምን ዝም ብሎ የልቡን አይናገርም?» አለችኝ። ልመልስላት ብዬ፣ መልሱ ከትራሙ መንገድ እንደሚረዝም ሲገባኝ ተውኩት።

ሮም የገባሁት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እንደ አብዛኞቻችን ለቤት ሥራ ነው። ጓደኞቼ የሚሠሩት ጣሊያኖች ቤት ነበር። እኔ ግን ዕድሌ ሆኖ በቪያ ሜሩላና አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ አንዲት ኢራናዊት አሮጊት ተቀጠርኩ። ፓርቪን ኻኑም ይባላሉ፤ ኻኑም ማለት እኛ ወይዘሮ እንደምንለው ነው። ባላቸው ምንጣፍ ነጋዴ ነበሩ፤ ከአብዮታቸው በፊት ሮም መጥተው፣ እዚሁ አርፈው፣ እዚሁ ተቀብረዋል። ስሜን ስነግራቸው ሳቁ። አልማዝ በእነሱም ቋንቋ አልማዝ ነው። «አሎራ፣ እንግዲያውስ አንቺ የቤት ልጅ ነሽ» አሉኝና ጓዳውን አስረከቡኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሩዙን ከድስቱ ሥር ወርቅ መስሎ እስኪጋገር ማብሰል፣ ጎመኑንና ቅጠላ ቅጠሉን ከደረቀ ሎሚ ጋር ማንተክተክ ተማርኩ፤ ፋርስኛም ከጓዳ ሆኖ ለመስማት የሚበቃ ያህል ያዝኩ።

ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው ናስሪን ነበረች፤ የፓርቪን ኻኑም የልጅ ልጅ፣ በሴት ልጃቸው በኩል። ሮም ውስጥ የሕንፃ ንድፍ ትማር ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ትምህርት በማታ ትምህርት ቤት ጀምሬ ስለነበር፣ ከራት በኋላ የጓዳው ጠረጴዛ የሁለታችን ነበር። እሷ በእርሳስ ቤት ትሠራለች፣ እኔ ከክፍልፋይ ቁጥር ጋር እታገላለሁ። አንድ ስርዝ ካለበት ወረቀቱን ጥዬ እንደገና ስለምጽፍ ትስቅብኛለች፤ «አልማዝ፣ አስተማሪሽ ሰው ነው እኮ፣ የትምህርት ቤታችን በር ጠባቂ አይደለም» ትለኛለች።

በር ጠባቂዋን ከወሬዋ አውቃታለሁ። ቴህራን ውስጥ በትምህርት ቤታቸው ደጃፍ ቆማ የልጃገረዶቹን ጥፍር፣ የካልሲያቸውን ቀለም፣ ከሻሻቸው ሥር የወጣውን ጸጉር የምታይ ሴት ነበረች። ልጆቹም ሻሻቸውን በየወሩ አንዲት ጣት ያህል ወደ ኋላ ይገፉታል፤ ሴትዮዋ ስትቆጣ ወደፊት ይስቡታል፤ ስትደክማት መልሰው ይገፉታል። ሰገነት ላይ የተከለከለ የሳተላይት ሳህን አለ፤ በላዩ ላይ አንሶላ ይሰጣበታል። ናስሪን ይህን ስትነግረኝ እንግዳ አልሆነብኝም። እኔም የቀበሌ ዘመን ልጅ ነኝ። አባቴ የውጭውን ሬዲዮ ሲያዳምጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነበር፤ ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ ውርጩ ነው የሚባለው። ለሰው የሚባልና ለቤት የሚባል ንግግር ሳንለይ ያደግን ልጆች አልነበርንም።

የማታ ትምህርት በጀመርኩበት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ የናስሪን አጎት መጣ። የአባቷ ወንድም ነው፤ ባህራም ይባላል። አባቷ ከኢራቅ ጋር በነበረው ጦርነት ከሞተ ጀምሮ እናቷ የምትኖረው በእሱ ቤት ነው፤ የቤተሰቡም ቃል የእሱ ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ የዚያን ጊዜ ዕድሜውን ስላለፍኩት በጽሑፍ አንተ ብለው አይቀየመኝም። በወጣትነቱ ጥቂት ጊዜ ፔሩጃ ተምሯልና ጣሊያንኛው ዛገ እንጂ አልጠፋም ነበር።

የሮም ጥቅምት መልካም ነው። ፀሐዩ አያቃጥልም፣ በየማዕዘኑ ካስታኛ የሚሉት ለውዝ መሳይ ፍሬ ይጠበሳል፣ በወንዙ ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። በዚያ ጥሩ አየር ቤታችን ግን ታፈነ። ናስሪን ሻሽ አውጥታ ከእኔ ሽርጥ ጋር ጓዳው በር ላይ ሰቀለችው። ባህራም በወጣ በገባ ቁጥር ገና ከደረጃው ሆኖ ይስላል፤ ጮክ ብሎ «ያ አላህ» ይላል፤ ወንድ መጣ፣ ተሸፋፈኑ ማለት ነው። ከዚያ ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል። ናስሪን እየሮጠች ሻሿን ከበሩ አውርዳ ትከናነባለች። እኔ ቁልፍ የማግኘት ችግር ያለበት ሰው ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ምሽት ፓስፖርቷን ልየው ብሎ ተቀበላትና ከኮቱ ደረት ኪስ አስገባው። አልመለሰውም። ፓስፖርት ከሌለ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋ፣ አይታደስም፤ ፔርሜሶ ከሌለ ትምህርት የለም። ሁላችንም ያንን ኪስ እያየን ራት በላን።

ነገሩን ያነሳው ከቀናት በኋላ፣ ሻይ ይዤ ሳሎን ስገባ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ኻኑም፣ መሥሪያ ቤት ጠሩኝ። የወንድምህ ልጅ ሮም ውስጥ ባዶ ራሷን ከወንዶች ጋር ቡና ቤት ትቀመጣለች አሉኝ። እኔንም የሚጠይቅ አለ። እሑድ ይዣት ልመለስ።»

ፓርቪን ኻኑም ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ስኳሩን አስጠጉለት። «እርስዎ ያሉት ነው» አሉ በትሕትና። «ብቻ እንዲሁ ደረቁን አይሄዱም። ዓርብ ወዳጆቻችንን ልጥራልዎት።»

ናስሪን ጓዳ ውስጥ የተከተፈ ሽንኩርት ፊት ቆማ አለቀሰች፤ ሽንኩርቱ ምክንያት ሆናት። አያቷ ገብተው አዩአትና፣ «ፊትሽን ታጠቢ» አሏት። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ሩዙን በዛ አድርጊው» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ልባቸው ድንጋይ መሰለኝ።

ዓርብ ማታ የሮም ኢራናውያን ሽማግሌዎች መጡ፤ አንድ ጡረታ የወጡ ሐኪም፣ አንድ መምህር፣ ሚስቶቻቸው። በልተው፣ ሻይ ደርሶ፣ ጨዋታው ሲለዝብ ፓርቪን ኻኑም ከመቀመጫቸው ተነሱ። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜአለሁ።

«ባህራም ኻን ከሩቅ አገር መጥተው አክብረውናል» አሉ። «ይህ ቤት የእርስዎ ነው። ናስሪንም የእርስዎ ናት። እኔ አደራ ጠባቂ ነበርኩ። ይውሰዷት። ሻንጣዋም ተዘጋጅቶ በር ላይ ነው።»

እኔ ያየሁት ሻንጣ አልነበረም። በሩ ላይ ያለው የጃንጥላ ማስቀመጫ ብቻ ነው። አሁን ሳስበው የማንም አስተዋይ ሰው አእምሮ እዚያ ላይ ቆም ይል ነበር፤ የእኔ ግን አሠሪዬ ነገር ረስተው በእንግዳ ፊት ሊያፍሩ ነው ብሎ ደነገጠ። በእኛ ቤት እናት «ውሰዳት» ካለች ነገሩ አልቋል፤ «ሻንጣው በር ላይ ነው» ካለች ደግሞ ሻንጣው በር ላይ መሆን አለበት። በኮሪደሩ ሮጬ የናስሪን ቁም ሣጥን ላይ የነበረውን ትልቁን ቡናማ ሻንጣ አወረድኩ። ልብስ ለማጠፍ ጊዜ አልነበረም። እንዳለ አምጥቼ፣ በሁሉም ፊት፣ በሩ ሥር አቆምኩት።

ፓርቪን ኻኑም ሻንጣውን ሲያዩ ከንፈራቸው ነጣ። በቤታቸው ስኖር ፈርተው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ናስሪን ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እስከዚያች ደቂቃ የተባለው ሁሉ ቃል ነበር፤ አሁን እጅ መዘርጋት ብቻ ቀረ።

«እግዜር አያድርገው» አለ ባህራም፤ ግን ዓይኑ ሻንጣው ላይ ነው። «ባለቤቷ እርስዎ ነዎት።»

«ኧረ ይውሰዷት» አሉ ኻኑም።

«እንዴት ሆኖ። እኔ ማነኝ።»

ሐኪሙ ሻያቸውን ፉት እያሉ፣ «ባህራም ጃን፣ ወዳጄ፣ ልጅቷን ከወሰድክ ኻኑምንም ጨምረህ ውሰድ» አሉ። «ብቻቸውን ቀርተው ቢያዝኑ ይህን ሩዝ ማን ያበላናል? እኛንም ውሰደን በላ፤ ቴህራን ቤትህ ሰፊ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።» ሴቶቹ ሳቁ። ባህራም አልሳቀም።

«የእርስዎ ናት» አሉ ኻኑም ለሦስተኛ ጊዜ። «ሻንጣውን ያንሡ።»

ተነሣ። በሩ ሥር ሄደ። የሻንጣውን እጀታ ያዘ። የናስሪን ትሪ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ሲንቃጨሉ ሰማሁ። አነሣው፤ ሻንጣው ባዶ ስለሆነ ክንዱ ከጠበቀው በላይ ብድግ አለ። ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት፤ ዓይኔን የት እንደማደርገው ስላጣሁ ነው።

ከዚያ ትከሻውን በአንድ በኩል ዝቅ አደረገ። ድንጋይ የሞላበት ይመስል ሻንጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ውጭው በር ሳይሆን ወደ ኮሪደሩ ዞረና ቀስ እያለ ተራመደ። የናስሪን ክፍል ደጃፍ ሲደርስ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቀ፣ ሳለና «ያ አላህ» አለ። ሲያስቀምጠው ሰማን። ተመልሶ ሲመጣ ላብ የሌለበትን ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ።

«በወንድሜ መቃብር ይሁንብኝ» አለ ለሽማግሌዎቹ፣ «ከእኚህ እናት ጥላ ሥር አላወጣትም።»

«አፋሪን» አሉ መምህሩ፤ ጎበዝ እንደማለት ነው። ሌላም ሻይ ቀረበ።

በማግስቱ ጠዋት ናስሪን ቁርስ ላይ ስትቀመጥ ፓስፖርቷ ከሻይ ብርጭቆዋ ጎን ነበር። እሷም ዳቦዋን ቆርሳ ማር ቀባች፤ ማሩ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ።

እሑድ ባህራም ሲሄድ የእጅ ቦርሳውን ይዤ እስከ ታክሲው ወረድኩ። በሩን ከፍቶ ቆመና በዛገ ጣሊያንኛው፣ «አልማዝ፣ ያ ሻንጣ በጣም ከባድ ነበር» አለኝ።

«አዎ፣ ሲኞር። ከባድ ነበር።»

«ለሚጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንን ነው። ይዤ ተነሥቼ ነበር፤ ሽማግሌዎች አስቀመጡኝ እላለሁ። እነሱም ሽማግሌ አላቸው፤ ምን ይሉኛል?» ቀጥሎም፣ «እናቷን ሰላም ትልሻለች እላታለሁ» ብሎ ገባ። የታክሲው በር ሲዘጋ ነው ከደረጃው ሆኖ ቁልፍ ፍለጋ የሚቆየው ለምን እንደነበረ የገባኝ።

ፎቅ ስመለስ ፓርቪን ኻኑም ሶፋው ላይ እግራቸውን ሰቅለው ተቀምጠዋል።

«አልማዝ፣ እኔ ሻንጣ ስል አንቺ ሻንጣ ታመጪያለሽ?»

«የረሱት መስሎኝ ነው።»

«ልትገድይኝ ነበር እኮ። ቢያንስ ባዶ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ልብሷን ለማጠፍ ጊዜ አጣሁ።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ታሮፍ የሚሉትን ልማዳቸውን አስረዱኝ። «የኔ ልጅ፣ ያንተ ነው ሲባል አዎ የሚል ሰው በእኛ ዘንድ ሰው አይደለም። ባህራምን በክርክር አልችለውም፤ ሕጉም ዘመዱም ከእሱ ጋር ነው። በክብሩ ግን እችለዋለሁ።»

እኛ ይህንን ነገር በከፊል እናውቀዋለን። መንገደኛ ባለፈ ጊዜ «እንብላ» እንላለን፤ መንገደኛውም «ይባርክ» ብሎ ያልፋል እንጂ ማዕድ ላይ አይቀመጥም። ይሉኝታ ስንል ግን እኔ የማውቀው ደካማውን የሚያስረውን ነው፤ ሴቷን፣ ሠራተኛዋን፣ ድሃውን። ጉልበተኛውንም ማሰር እንደሚችል፣ እንዲያውም ጉልበተኛው አንዳንዴ የሚያስረው ሰው አጥቶ ሲፈልግ እንደሚኖር ያየሁት በዚያ ሳሎን ነው። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ብዙ ናስሪኖች ሻንጣቸው ወደ ውጭው በር ወጥቷል፤ ለብዙዎቹም ሰው የሚባል አልመጣላቸውም። በቅርብ ዓመታት የቴህራን ልጃገረዶች ሻሻቸውን አውልቀው በአደባባይ ሲሄዱ በቴሌቪዥን ሳይ፣ ያቺ በየወሩ አንዲት ጣት የምትገፋ ሻሽ ትዝ ትለኛለች። መንገዱ ያኔ ነበር የተጀመረው።

ናስሪን ትምህርቷን ጨረሰች። ፓርቪን ኻኑም ከማረፋቸው በፊት የሠራችውን የመጀመሪያ ቤት አይተዋል፤ ደረጃው ሰፊ አይደለም ብለው ተችተዋል። እኔም የማታውን ትምህርት ስምንተኛን አልፌ፣ ኋላም ዲፕሎማ ድረስ ገፋሁት። ናስሪን አግብታ ስትወጣ ያን ቡናማ ሻንጣ፣ «ይህ ያንቺ ነው» ብላ ሰጠችኝ። ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ዕለት ከገበያ እንደገባን ሜሮንን ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ አውርጂልኝ አልኳት። ወንበር ላይ ወጥታ ጎተተችው፤ አልነቃነቅ አላት። የትምህርት ቤት ደብተሮቼ፣ መዝገበ ቃላቶቼ፣ ከዚያ ወዲህ የገዛኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

«ዚያ፣ ምን ከተሽበት ነው? በጣም ከባድ ነው።»

«አሁን አዎ» አልኳት። «ነይ ውረጂ፣ ፒስታቾውን አምጪውና ቁጭ በዪ።»