ትልቋ፣ ትንሿና የአዴ ባልዲ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምጽፈው በዝግታ ነው። ጥቂት መስመር እመታና እጄን ጭኔ ላይ አሳርፌ እቀመጣለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ አሁንኮ ለስልኩ እየተናገርሽ ማስጻፍ ትችያለሽ» ይሉኛል። እችል ይሆናል። ግን ስልኩ ስሳሳት ዝም ብሎ ያርመኛል። ይቺ የጽሕፈት መኪና ስሳሳት ስሕተቴን እንዳለ ታስቀምጥልኛለች፤ በዚህ ዕድሜዬ የምፈልገው እሱን ነው።

ስለ መኪናዋ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣው የባለቤቴ ሳቅ ነው። ስለዚህ ሁለት መኪናዎች ቤታችን የሰነበቱበትን ሳምንት እጽፋለሁ። ደስ ያለን ሳምንት ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ እህል በሚገዛ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ከድሬዳዋ ተነቅሎ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር «መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ የማይፈልግ ይቅር» ተባልን። ባለቤቴ የባቡር ጥገና መካኒክ ነው። ሐዲድ የሌለበት ከተማ ሄዶ ምን ይጠግናል? ቀረሁ።

ሥራ ከፈታሁ በኋላ ሽንኩርት ልልጥ ስቀመጥ ጣቶቼ መክተፊያውን መምታት ጀመሩ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ዛሬ ደግሞ ምን እየጻፍሽ ነው?»

«ማመልከቻ።»

«ለማን?»

«ላንተ። ወጥ እንድታማስል።»

ብንስቅበትም በውስጤ ፈርቼ ነበር። ጣት ይረሳል። መሥሪያ ቤት የሚቀጥረኝ አልተገኘም፤ የራሴ መኪና ካላገኘሁ ሙያዬ ከነሕይወቱ እንደሚቀበር ገብቶኛል። አንድ መኪና ብቻ ባገኝ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍኩ በሙያዬ እኖራለሁ። ይህን ለባለቤቴ ነገርኩት። በሳምንቱ ከሥራ ሲመለስ ዓይኑ እያበራ ገባ።

ከዚራ በሚባለው ሰፈር ሱቅ የነበረው አንድ ሽማግሌ ግሪክ ዕቃውን እየሸጠ ነበር፤ ልጁ ወዳለችበት አገር ሊሄድ ነው። ባለቤቴ የሽማግሌውን ቬንቲሌተር ለዓመታት ሲጠግንለት ስለኖረ ይዋደዳሉ። ከሚሸጠው ዕቃ መሀል ሁለት የአማርኛ የጽሕፈት መኪናዎች አሉ። አብረን ሄድን።

አንደኛዋ ጥቁር፣ ትልቅ፣ እንደ ምድጃ የከበደች ናት፤ ወረቀቱን የሚሸከመው ክፍሏ ረጅም ከመሆኑ የተነሳ ሰፊውን የመዝገብ ወረቀት በአግድሙ ትውጠዋለች። ሁለተኛዋ የአመድ መልክ ያላት፣ በራሷ ሻንጣ የምትዘጋ፣ ልጅ የሚሸከማት ትንሽ መኪና። ባለቤቴ ወደ ትልቋ፣ እኔ ወደ ትንሿ ሄድን። ማንም አልገፋንም።

«ሁለቱም አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ» አለ ሽማግሌው። «እኔ ነኝ ሳልችለው የምሄደው።» ይህን ያለው ከኛ በተሻለ አማርኛ ነው።

አቅማችን ለአንዷ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። እጁን አወዛወዘና «ሁለቱንም ውሰዱ። ሳምንት አብራችኋቸው ኑሩ፤ ያልተስማማቻችሁን መልሱልኝ» አለን።

ቤታችን መጋላ ሰፈር ነው፤ ደቻቱ የሚባለውን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ። ጋሪ ያዝን። ባለ ጋሪው ድልድዩን ትቶ በደረቁ አሸዋ ልቁረጥ አለ፤ መሀል ላይ ጎማው ሰመጠ። ባለቤቴ ወርዶ ከኋላ እየገፋ ትልቋን ማባበል ጀመረ። «አይዞሽ የኔ ባቡር፣ ዳገቱ አልቋል!» እኔ ትንሿን በእጄ አንጠልጥዬ ማዶ ደርሼ እጠብቃቸዋለሁ። እሱ ያንን እንደ ማስረጃ አልቆጠረውም።

«ክብደት ነው ጉልበት» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ዳገት የሚጎትተው ከባድ ባቡር ነው። ያቺ ያንቺ የእጅ ቦርሳ ናት።»

ክርክሩ ባዶ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። የማመልከቻ ነገር ግልባጭ ነው። አንዱ ለቀበሌ፣ አንዱ ለከፍተኛ፣ አንዱ ለማዘጋጃ ቤት፣ አንዱ ለባለጉዳዩ ሳጥን። ባለቤቴ ወረቀትና ካርቦን ደራርቦ ትልቋ ላይ አስመታኝ፤ የመጨረሻው ወረቀት እንኳ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በትንሿ ስሞክር ከሦስተኛው በታች ያለው ጉም ነው።

«አየሽ? ቦርሳሽ ደክሟታል» አለ።

«ትዘጋለች እኮ» አልኩት። በእጄ ልይዛት መቻሌን ወድጄዋለሁ፤ ግን ለአንድ ባለጉዳይ እንኳ የማይበቃ ግልባጭ የምታወጣ መኪና ይዤ ሥራ ልጀምር? ፈራሁ።

የድሬዳዋን እኩለ ቀን ለማያውቅ የሚቀጥለው አይገባውም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ከተማው ይተኛል። ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ በግቢያችን ሕግ ደግሞ መዶሻ የሚያነሳ፣ ሙቀጫ የሚነካ የለም። ባለጉዳይ ጉዳዩን ከጠዋት ሰጥቶ ቢሮ ከሰዓት ሲከፈት ማመልከቻውን ስለሚፈልግ፣ የጸሐፊ ሥራ ሰዓት ግን ያው እኩለ ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ትልቋን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ መታሁ። ጠረጴዛው ይራመዳል። ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። በመስመር መጨረሻ ደወሏ ሲጮህ ከግድግዳው ማዶ የአዴ ድምፅ መጣ።

«አቦ! ባቡሩ መንገዱን ቀየረ እንዴ? በኔ መኝታ ነው የሚያልፈው?»

አዴ የግቢያችን ትልቅ ሴት ናት። እኔን ወላጆቼ «አንቱ» እያስባሉ ነው ያሳደጉኝ፤ አዴ ግን በገባሁ በመጀመሪያው ቀን «አንቱ ያልሽው ማንን ነው? ከኋላዬ ሰው አለ?» ብላ አስትታኛለች። ኦሮምኛ፣ ሐረሪ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ትናገራለች። ያን ቀን ልትቆጣ መጣች፤ ትልቋን ስታያት ግን ቁጣውን ረስታ ዙሪያዋን ዞረች።

«ማሻአላህ። ይቺ ትጽፋለች?»

«ትጽፋለች አዴ» አለ ባለቤቴ፣ ልጁን እንደሚያሳይ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

«እንግዲያው ለኔም ትጻፍልኛ። የውሃ ጉዳይ አለኝ።»

በግቢያችን ቧንቧ አልነበረም። የምንቀዳው ከቦኖ ነው፤ ቦኖው ደግሞ እንደ ፈለገው ይመጣል፣ እንደ ፈለገው ይሄዳል። አዴ እግሯ ያብጣል፤ የቦኖው ወረፋ ይገድላት ነበር። በርጩማ አቀረብኩላት። ሻሿን አስተካከለች፣ ጀርባዋን አቀናች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ከአፏ የወጣው የሷ ድምፅ አይደለም።

«እኔ ከሰፊው ጭቁን ሕዝብ አንዷ የሆንኩ እናት፣ የአብዮታችንን ዓላማ ከግብ ለማድረስ፣ የውሃ ጥያቄዬን በአጽንዖት...»

ባለቤቴ ሳቁን ለማፈን ወደ ጓዳ ገባ። እኔ እንዳለችው መታሁት። ግልባጮቹ ሁሉ አማሩ። አነበብኩላት።

«ይሄ ማነው?» አለች።

«አንቺ ነሽ አዴ።»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም። ይሄ የሬዲዮው ሰውዬ ነው። እሱ ቤት ውሃ አለ።»

ወረቀቶቹን አጣጥፋ ይዛ ሄደች፤ የትም አላደረሰቻቸውም። በማግሥቱ ባለቤቴ ድምፁን ሊገድል ፍራሽ አጥፎ ከትልቋ ሥር አነጠፈ። መኪናዋ ጋደለች፤ ወረቀት የሚሸከመው ረጅሙ ክንዷ የውሃውን እንስራ ገፍቶ ገለበጠው። ከቦኖ ወረፋ የመጣ ውሃ! ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተንበርክከን እያፈስን ሳቅን። ከግድግዳው ማዶ «አሁን ደግሞ ባቡሩ ሰጠመ?» የሚል መጣ።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አዴ እግሯ አብጦ ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። «ማመልከቻዬን እንደገና ነይ ጻፊልኝ» ብላ ላከችብኝ። «መኪናውን ይዘሽ ነይ፣ እኔ አልመጣም።» ባለቤቴ ትልቋን አቅፎ ተነሳ። በሁለቱ ቤቶች መሀል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ የልብስ ገመድም ተዘርግቶበታል። መሀል ላይ ደርሶ የጎረቤት አንሶላ ፊቱ ላይ ተጠመጠመ። ከአንሶላው ውስጥ «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ልሂድ፣ ምሪኝ!» እያለ ይጮኻል። መራሁት። ትልቋን ወደ ቦታዋ መለሰና ተቀመጠ። እኔ ትንሿን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

ሰዓቱ የበርጫ ሰዓት ነበር። አዴ መደቧ ላይ ትራስ ተደግፋ ጫቷን ይዛለች፤ ሁለት ሴቶች ጎረቤቶቻችን አጠገቧ አሉ፤ ሻይ በቴርሞስ። ለኔ ሻይ ተቀዳልኝ፤ ጫት እንደማልቅም ያውቃሉ። ሻንጣውን ከፈትኩ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ትንሿን ጭኔ ላይ አደረግኳት። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ወረቀት አስገባሁና «አዴ፣ ወረፋው ዛሬ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ወረፋ? እኔ ምን ወረፋ አለኝ? ወረፋ የሚሄደው ባልዲዬ ነው። እኔ እተኛለሁ፣ እሱ ይቆማል። ስንት ዓመት ቆሞልኛል። በዚህ ሰፈር ከኔ ይልቅ እሱ ሰው ያውቃል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጣቶቼ ጀመሩ። የአማርኛ መኪና ፊደሉን ቆራርጦ ነው የሚመታው፤ መጀመሪያ አካሉን፣ ቀጥሎ እግሩን ወይም ቀለበቱን። አዴ ግን አታቆምም፤ ሮጬ ደረስኩባት።

«ትናንት ደግሞ» አለች፣ «ትናንት የወለዱት የፕላስቲክ ጀሪካን መጥቶ ገፋው። ባልዲዬን! በዕድሜው! እግር ቢኖረው ቤቱ ይመጣ ነበር። እሱም እንደኔ እግር የለውም።»

«ይሄንንም ልጻፈው?»

«እየጻፍሽ ነው እንዴ?» ብላ ደነገጠች። አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ጭኗን መታች። «አዎ! ይቺ እኔ ነኝ።»

አንዷ ጎረቤታችን «ለኔም ጻፊልኝ» አለች። ሌላዋ በሶማሊኛ ጀመረች፣ አዴ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፣ ስትመልስ ከራሷም ጨመረችበት፣ ተጣሉ፣ ታረቁ። ሻዬ ቀዘቀዘ። በዚያ ክፍል ውስጥ የትኛዋን እንደምይዝ አወቅሁ። ትልቋ ፊት ሰው ዳኛ ፊት እንደቀረበ ይሆናል። ትንሿን ግን ይረሳታል፤ ሲረሳት ደግሞ እውነቱን ያወራል። እኔ ባለጉዳይ ተቀምጬ አልጠብቅም፤ ሰው ወደሚያወራበት እሄዳለሁ።

ቤት ተመልሼ ለባለቤቴ ማመልከቻውን ሰጠሁት። ቆሞ ማንበብ ጀመረ፣ ባልዲው ላይ ሲደርስ ተቀመጠ፣ ጀሪካኑ ላይ ሲደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወደ ትልቋ ዞረ።

«ተሸነፍን የኔ ባቡር» አላት።

ግልባጩ እንዲሟላ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ መታሁት። በማግሥቱ በጋሪ፣ አሁን በድልድዩ፣ ትልቋን ሸኘናት። ሽማግሌው ሲያየን አልገረመውም። «እኔኮ ገና ስትገቡ አውቄያለሁ» አለ። «እሱ ትልቋን ያያል፣ አንቺ ትንሿን ትነኪያለሽ። የሚኖረው የተነካው ነው።»

«ታዲያ ለምን ሁለቱንም አሸከምከን?» አለው ባለቤቴ።

«ሳምንት ሙሉ ከሷ ጋር ስለኖርክ አትቆጭህም። እኔ ብነግርህ ግን ዕድሜህን ሙሉ ትቆጭህ ነበር።»

ማመልከቻው ከደረሰ በኋላ ያልጠበቅነው ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ከውሃ ክፍል አንድ ጓድ፣ ደብተር በብብቱ ይዞ በግቢያችን በር ገባ። ሰላምታ ሳይሰጥ «ባልዲው የታለ?» አለ። አዴ በጣቷ አሳየችው። እሱም ጎንበስ ብሎ የተቆለመመውን ከንፈሩን፣ በሽቦ የታሰረውን እጀታውን አየ፤ ሊስቅ ሲል ፊቱን መለሰ። ቢሮው ውስጥ ወረቀቱን ተቀባብለው ማንበባቸውን የሰማነው በኋላ ነው። ቧንቧው ወዲያው አልመጣም፤ ግን መጣ። መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ቀይ ዝገት፣ ከዚያ ውሃ። ግቢው እልል አለ። አዴ ባልዲዋን ራሷ ተሸክማ አመጣችና ከቧንቧው ሥር አስቀመጠችው። «ተቀመጥ» አለችው። «ጡረታ ወጣህ።»

ባለቤቴ ደግሞ የግልባጩን ነገር አልተወውም። ወረቀቱን የሚጠቀልለው የትንሿ ጎማ ለስላሳ በመሆኑ ነው የምትደክመው ብሎ፣ ከሥራ ቦታው ቁርጥራጭ ለምኖ ጠንካራ ጎማ ሠራላት። ከዚያ በኋላ አምስተኛው ወረቀት ይነበብ ጀመር። «ቦርሳሽ ባቡር ሆነች» አለኝ። በሷ ከመጋላ እስከ ከዚራ፣ በየቤቱ፣ በየበርጫው ስንት ዓመት ሠራሁ። ሰው በሩ ላይ ሲያየኝ «ጭኗ ላይ የምትጽፈው መጣች» ይል ነበር።

ትልቋን የገዛት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከኒም ዛፉ ሥር የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ባለቤቴ በዚያ ባለፍን ቁጥር ባርኔጣውን ያነሳላታል፤ ለሰውዬው አይደለም፣ ለሷ ነው። «ደህና ነሽ የኔ ባቡር? ዳገቱ እንዴት ነው?» ጸሐፊው መጀመሪያ ያኮርፍ ነበር፤ በኋላ እሱም ለምዶ «ደህና ናት፣ ትላንት ሪባን ቀየርኩላት» ይለዋል።

ከባለቤቴ ተዝካር በኋላ ለጉዳይ በዚያ አለፍኩ። ዛፉ አለ። ጸሐፊው የለም፤ በቦታው ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ሱቅ ተከፍቷል። ትልቋ በሩን እንዳይዘጋ ደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ረጅሙ ክንዷ አሁንም ወደ ውጭ ወጥቷል። ነፋሱ ቢገፋም በሩ ንቅንቅ አይልም። ክብደት ነው ጉልበት።

ጎንበስ አልኩና ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገለጥ አደረግኩላት።

«ደህና ነሽ የኔ ባቡር?» አልኳት። «ሰላም በያት ብሎኛል።»

የሱቁ ልጅ ከማሽኑ ቀና ብላ «እናቴ፣ ምን ልርዳሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት፤ «ኮፒ የምታስነሺው የለም ወይ?» ስትለኝም ሳቅሁ። ግልባጭ የምታወጣ እቤት አለችኝ፤ ጎማዋ ገና ጠንካራ ነው።